እትዬ ነገ

ደመወዝ በሰዓቱ የማይገባበት መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ "ደመወዝ መቼ እንደሚገባ እኔን ጠይቁኝ" የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን በምድር ላይ የለም። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አለ የሚል ካለ ተቀጥሮ አያውቅም ማለት ነው። ይህ ሰው የሒሳብ ሹም አይደለም፤ የሒሳብ ሹሙ እንዲያውም ስለ ደመወዝ ሲጠየቅ መንገድ ይቀይራል። ሥራ አስኪያጅም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሁሉም በታች፣ ምድር ቤት ነው። ስለ ደመወዝ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከዚያ "ከእኔ እንዳልሰማህ" ይላል።

በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት እትዬ ነገ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ስለሆነ መልሱ ስም ሆኖ ቀረ። በወረቀት ላይ ሥራቸው አንሶላ መተኮስ ነው። በተግባር ግን የደመወዝ ትንበያ ጠቅላይ መምሪያ የበላይ ኃላፊ ናቸው፤ ለዚህኛው ሥራቸው ማንም ከፍሏቸው አያውቅም።

አዲሷ ሠራተኛ ገና በገባች በመጀመሪያው ቀን ጠየቀቻቸው። ልብስ መለየት ላይ ተመድባ፣ ፎጣውን ከፎጣ፣ የትራስ ልብሱን ከትራስ ልብስ እያደረገች፣ አፏን ሞልታ ሳይሆን በግማሽ አፏ፣ "እትዬ፣ እዚህ ደመወዝ መቼ ነው?" አለች።

እትዬ ነገ ካውያቸውን አቆሙ። ከመሰብሰቢያ አዳራሹ የወረደውን የጠረጴዛ ልብስ ከክምሩ ጎትተው ዘረጉት፣ አገላበጡት፣ አሸተቱት።

"ሻይ ፈሷል" አሉ።

"አዎ፣ አየሁት። አጥበዋለሁ።"

"ምን ታጥቢያለሽ! አንብቢው እንጂ። ሻይ የሚፈሰው ስብሰባ ሲረዝም ነው። ስብሰባ የሚረዝመው ስለ ገንዘብ ሲወራ ነው። ነገ ነው፤ ከእኔ እንዳልሰማሽ።"

አዲሷ ሳቀች፤ ማታ ግን ቤቷ ገብታ "ነገ ነው አሉ" ብላ ለእህቷ ተናገረች። የምትናገርበት ምክንያት ነበራት። ሥራው ጥቁር ሽፍን ጫማ ግድ ነው ሲል፣ በቤቱ የነበረው ሽፍን ጫማ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የታላቅ እህቷ። እህቷ አውልቃ ሰጠቻትና የማታ ትምህርቷን በነጠላ ጫማ ተያያዘችው። ካልሲ ደርባበት፣ ብርዱ ሲጠና ሁለት ካልሲ። የክፍል ጓደኞቿ ምን እንደሚሏት አልተናገረችም። ብቻ በየማታው በሩ ሲከፈት "እንዴት ዋልሽ?" በማለት ፈንታ "ጫማዬ ደህና ዋለ?" ትላለች። የመጀመሪያዋ ደመወዝ ጫማ እንደምትሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ በፊት ከሥራ መባረር ወይም ተናድዶ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም።

ነገ መጣ፤ ደመወዝ አልመጣም። እትዬ ነገ ቅንጣት አላፈሩም። እሳቸው ተሳስተው አያውቁማ! የሚሳሳተው ሒሳብ ክፍል ነው። "እኔ ነገሩን አይቼዋለሁ፣ እነሱ ናቸው የዘገዩት" አሉና የሥራ አስኪያጁን ኮት አንስተው እጅጌውን መረመሩ። እጅጌው ተጨማዷል። ሰው እጅጌውን የሚሰበስበው ብዙ ሊፈርም ሲል ነው። ስለዚህ ነገ ነው። በሌላ ቀን የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ሻርፕ ሽቶ ሸተተ፤ ብድሯን ልትከፍል ቆርጣለች ማለት ነው፣ ነገ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ከሒሳብ ክፍል አንድም ልብስ ሳይወርድ ዋለ። አዲሷ "ዛሬስ ምልክት የለም" ስትል፣ እትዬ በሐዘኔታ አዩዋት። "ልጄ፣ ልብስ ለመቀየር እንኳ ጊዜ ካጡ ምን እየሠሩ ይመስልሻል?"

የወሩ መጨረሻ ደርሶ የሁሉም ስልክ ተራ በተራ ጮኸ። የአዲሷ ዝም አለ። ማድረቂያው ማሽን ጥግ ሄዳ ስልኳን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ዝም። እንባዋ ሲመጣ ፎጣ አላጣችም፣ ከፎጣ በቀር ምን አለ እዚያ! እትዬ ነገ የራሳቸውን ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ከትተው መጡ።

"የአዲስ ሰው ለብቻው ነው የሚገባው" አሏት። "ደግሞም አንቺ ትልቅ ሰው ሆነሽ እንጂ ከሰው ጋር ተደባልቆማ ይገባልሽ ነበር። ነገ ነው።"

በማግስቱ ነው መከራው የመጣው። የሒሳብ ሹሙ ኮት ወረደ፤ ደረት ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ተረስቷል። እትዬ ነገ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። "እስክሪብቶ! እስክሪብቶ እኮ ነው! እንዳትነኪው፣ የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ለሁሉም ላሳይ።" አዲሷ አልነካችውም። አልነካችውም፣ ግን ሐሳቧ የእህቷ ነጠላ ጫማ ላይ ነበርና ኮቱን ከነእስክሪብቶው ከትራስ ልብሶቹ ጋር ጠቅልላ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ ሲከፈት ሆቴሉ ያለው ነጭ የትራስ ልብስ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

የክፍሉ ኃላፊ ከደረጃው ጀምሮ እየጮኸ ወረደ። "ማነው? ማነው ይህን የሠራው?"

አዲሷ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። አፏን ከፈተች፤ መጀመሪያ ግን የተሰማው የእትዬ ድምፅ ነው።

"እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን አትንኩ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን ተብሎ?"

"ለጥናት" አሉ እትዬ ነገ፣ ቀጥ ብለው ቆመው።

ኃላፊው እዚያው ወረቀት አወጣ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸውና ቀለሙን እንደ ምንም አስለቅቁ ብሎ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ሲፈትጉ ዋሉ። አዲሷ "እትዬ፣ ምን ነካዎት? እኔ እኮ ነኝ የከተትኩት" ስትላቸው፣ "ዝም ብለሽ ፈትጊው" አሏት። "ለእኔ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ነው። ለአንቺ ግን መውጫ በር ነው።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነገ ነበር። አዲሷ አታምንም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ስትነሳ እግሯ ወደ ሥራ የሚሄደው ለማየት ያህል ነው። ምናልባት ዛሬ እውነታቸውን ቢሆንስ?

አንድ ጠዋት እትዬ ነገ ምንም ሳይሉ ሥራቸውን ጀመሩ። የጠረጴዛ ልብስ ወረደ፤ አላሸተቱትም። አዲሷ ደነገጠች፣ ታመው መሰላት። ልትጠይቃቸው ስትል ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አውጥታ አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ እየጮኸች ወደ ኃላፊው ሮጠች፤ ለምን ወደ እሱ እንደሮጠች ዛሬም አታውቅም።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለ ኃላፊው። "የአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ደመወዝ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ወር ጋር ተደርቦ ነው የሚገባው። ከድሮም እንደዚህ ነው። እትዬ አልነገሩሽም?"

ተመልሳ ፊታቸው ቆመች። "ያውቁ ነበር?"

"እንዴት አላውቅም? ስንቱን አዲስ እዚህ አየሁ!"

"ታዲያ ምነው ያን ጊዜ እውነቱን ቢነግሩኝ?"

እትዬ ነገ አንሶላውን አጥፈው አስቀመጡ። "ሁለት ወር ጠብቂ ብልሽ ትጠብቂ ነበር?"

አዲሷ ጫማዋን አየች። እህቷ በዚያ ብርድ በነጠላ ጫማ እየሄደች፣ ሁለት ወር? አትጠብቅም ነበር። በሳምንቱ ሌላ ሥራ ፍለጋ ትወጣ ነበር።

"ነገን ግን" አሉ እትዬ፣ "ነገን ማንም ይጠብቃል።"

በዚያ ማታ አዲስ ጫማ ወደ ቤት ገባ። ለእህቷ ነው፤ አሮጌው የአዲሷን እግር ለምዶ ቀርቷል። እህቷ አዲሱን አጥልቃ ክፍሉን ዞረችበት፣ ደጋግማ ዞረችበት፣ ከዚያ ልማድ ሆኖባት "ጫማዬ ደህና ዋለ?" አለች፤ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ነገ ለእሷ መተንበይ አቆሙ። ቀኑን ታውቀዋለቻ፣ እንደማንኛውም ነባር ሠራተኛ። አንድ ቀን ግን ማድረቂያው ተበላሽቶ፣ እርጥቡ አንሶላ እስከ ጣሪያ ተከምሮ፣ እግሯ አብጦ፣ የወሩም መጨረሻ ገና ሩቅ ሆኖ ሳለ፣ ክምሩ ላይ ተደገፈችና ተጣራች።

"እትዬ።"

"ወይ።"

"ምልክት የለም?"

እትዬ ነገ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ፣ በትልቅ ጥንቃቄ፣ ከክምሩ መሐል አንድ የጠረጴዛ ልብስ መዘው ዘረጉት፣ አገላበጡት፣ አሸተቱት።

"ሾርባ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የፈሰሰው በሥራ አስኪያጁ ወንበር በኩል ነው። ነገ ነው፤ ከእኔ እንዳልሰማሽ።"

"ነገ ከሆነማ" አለች አዲሷ፣ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላውን አነሳች።