በባዶ እጅ ወደ ሰሜን ዋልታ

ጎብኚ የሚባል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አገር ለማየት ሦስት ካሜራ ይሸከማል፤ ለሚቀበለው ሰው ግን አንዲት ፍሬ አይዝም። እንዲህ ያለውን እኔ ራሴ ፈረንጅ አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ እቤቴ አሳድጌያለሁ።

የልጅ ልጄ ሰላም ሰሜን ዋልታ አካባቢ የሰዎችን ፊት ፎቶ ልታነሳ ተሰናዳች።

«ለምታሳርፍሽ ሴትዮ ምን ያዝሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ ማረፊያውን ቡክ ሳደርግ ከፍያለሁ እኮ።»

«የከፈልሽው ለአልጋው ነው፤ ለፊቷ አይደለም።»

አንዱን ካሜራ ከሻንጣዋ አውጥቼ በቦታው ብርቱካን ሞላሁ። እስክትሄድ አኮረፈችኝ።

እዚያም ስትደርስ አፍራ ብርቱካኑን ደበቀችው። ሴትዮዋ ሁለት ቀን ሙሉ ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን አዞረች። በሦስተኛው ቀን ሰላም ብርቱካኑን አውጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ለጎረቤት ሁሉ አካፍላ ስታበቃ ተቀመጠችና «በይ አሁን አንሺኝ» አለቻት።

ሰላም ተመልሳ ይህን እንደ አዲስ ግኝት ነገረችኝ። እኔም እንደማላውቅ ሆኜ አዳመጥኳት።