አባቴ ለሐኪሟ ሲነሡ

«እንዴት ነህ?» ስንባል መልሱ አፋችን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ደህና! ወገቡ የተቆረጠውም ደህና፣ እንቅልፍ ያጣውም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ለጎረቤት ሲሆን ጨዋነት ነው፤ ለሐኪም ሲሆን ግን፣ እንጃ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ የሚመክሩን ሽማግሌዎችም ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ደህና ናቸው።

አባቴን ውሰዱ። የምንኖረው እዚሁ እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ እጃቸውን እያንቀጠቀጠው የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምቆልፍላቸው እኔ ነበርኩ። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ የጎንደር ሽማግሌ በልጃቸው እጅ ሲለብሱ አስቡት! መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ራሳቸው ቆልፈው ብቅ አሉ። አንዱን ቁልፍ ዘለውት ነበር። ማን ይነግራቸዋል? እኔ እንደሆንኩ በደስታ አለቅሳለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ክፋቱ፣ አባቴ ሰው ሲገባ ሳይነሡ አይቀበሉም፤ ዕቃ ላደረሰ ሰው እንኳ ይነሣሉ። ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበርስ? ለሐኪም እንንገር ብላቸው ተቆጡኝ። «ዝም በይ! ያዞረዋል ካልሻቸው መድኃኒቴን ይነጥቁኛል።»

በቀጠሯችን ቀን ነርሷ፣ «ሳባ» እያለች፣ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው፣ ሲነሡ ያዞራቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሀኮል ቤሰደር! ሁሉም ደህና ነው!» አሉ፣ እኔን በዓይናቸው እየገሠጹ።

አባትን በሰው ፊት ማዋረድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ነርሷ «ደህና» ብላ ስትጽፍ አላረምኳትም።

ይሄኔ ሐኪሟ ገባች። አባቴ እንደ ልማዳቸው ብድግ! ጉልበታቸው ከዳቸው፤ እሷ በዚያ እኔ በዚህ ደግፈን አስቀመጥናቸው። አፋቸው የሸሸገውን ጨዋነታቸው አወጣው።

ሐኪሟ የደም ግፊታቸውን አስተኝታም አስቁማም ለካች፤ ሲቆሙ ይወርድ ነበር። «መድኃኒቴን እንዳትወስድብኝ ለምኝልኝ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። ተረጎምኩላት። እሷ ግን የፓርኪንሰኑን አልነካችም፤ የቀነሰችው ከድሮ ጀምሮ የሚወስዱትን የደም ግፊት ኪኒን ነው። ውሃ እንዲጠጡ፣ ቀስ ብለው እንዲነሡ፣ የተሰማቸውን ሁሉ እንዲነግሯት አደራ አለቻቸው።

አደራውን አጥብቀው ያዙ። ዛሬ ግድግዳውን ትተውታል፤ ታዲያ «እንዴት ዋሉ?» ያለ ጎረቤት ሁሉ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ሳይሰማ አይለቀቅም።

ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ቆልፈው ፊቴ ይቆማሉ። «አየሽ፣ ተስተካከለ?»

አንዱ ቁልፍ ዛሬም ተዘሏል።

«ቤሰደር፣ አባባ» እላለሁ።