ለተዝካር የታደሰ ደረጃ

አንባቢ ሆይ፣ ለሕያው ሰነፍ፣ ለሙት ትጉህ የሆነ ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? እኔ ብቸና ውስጥ ከአንዱ ጋር እኖራለሁ፤ አባቴ ናቸው።

ወንድሜ ሳንባውን ታሞ ከፎቅ ወርዶ ፀሐይ መሞቅ ሲያቅተው፣ ለተሰባበረው ደረጃ መደገፊያ እንዲሠሩለት ለመናቸው። «ከአጨዳ በኋላ» አሉት። አጨዳው ሳይደርስ ሞተ።

ለአርባው ተዝካር ግን አናጢ ከሞጣ ተጠራ፤ ደረጃው የዋንዛ ሳንቃ ለበሰ፣ ዘመናዊ የብረት መደገፊያም በጭነት መኪና መጣ። እንግዳ ቢወድቅ አገር ያወራል፤ የታመመ ልጅ ቢወድቅ ግን፣ እንዴት ልበል፣ ወሬው ከቤት አይወጣም።

በተዝካሩ ዕለት የነፍስ አባታችን ብረቱን ይዘው እየወጡ፣ «ወለተ ማርያም፣ ደረጃው እንዴት ይመቻል» አሏት እናቴን።

«አዎ፣ አባ» አለች። «ልጄም እንግዳ ቢሆን ኖሮ ይሠራለት ነበር።»