የእንጉዳዩ ከሳሾች

ሰው መቼም ጥፋተኛ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ዝናብ ሲቀር፣ ላም ስትነጥፍ፣ ሊጥ ሲበላሽ፣ የሆነ ሰው ይፈለጋል። የሚገርማችሁ፣ ተፈልጎ የሚገኘው ሁልጊዜ ዘመድ የሌለው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ?

ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ የጥድ ጫካ ነበረ። የእኛ አገር ዝናብ ሁዳዴን ጠብቆ ይመጣል፤ በጣለ ማግስት ከበሰበሰው ቅጠል ሥር እንጉዳይ ይፈላል። የሰፈሩ ሴቶች የጅብ ጥላ እያሉ ይጠየፉት ነበር። ከወደ ጅማ የመጣችው፣ አስር አለቃ ባሏ የሞተባት እትዬ ወርቅነሽ ግን በሽንኩርትና በበርበሬ ጠብሳ አቀመሰቻቸው። የጾም ሥጋ አገኘን ብለው ጣታቸውን ላሱ። ከዚያ ወዲህ እሷ የምትኖረው እንጉዳይ ለቅማ በመሸጥ ሆነ።

ጥዱ ለምሰሶና ለማገዶ ሲመናመን ባሕር ዛፍ ተተከለ። ቶሎ ያድጋል፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፤ ሁላችንም ወደድነው። እሱም ሳንጋብዘው ዘሩን እየበተነ ወደ ቀረው ጫካ ዘለቀ። ሥሩ ውኃውን መጠጠ፣ ቅጠሉ አልበሰብስ ብሎ መሬቱን አለበሰው። አፈሩ ሲቆፈር ይታይ የነበረው፣ ቅጠሉን ከቅጠሉ የሰፋ የሚመስለው ነጩ የእንጉዳይ ክር ጠፋ። ክሩ ከሌለ እንጉዳይ ከየት ይመጣል? ማን ቆፍሮ ይይ!

በአንዱ ሁዳዴ ዝናቡ ጣለ፣ እንጉዳዩ ቀረ። የሻምበሉ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ፣ የወርቅነሽ ዓይን ነው ያጠፋው አሉ። በቃ። እናቶች እሷ ስታልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር፤ አከራይዋም ቤቱን እንድትለቅ ነገራት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከመሄዷ በፊት ማኅበር በተቀመጥንበት አፈር በእፍኟ ይዛ ገባች።

«እሜቴ፣ ይዩት፣ አፈሩ ሞቷል። እኔ እንጉዳይ ለቀምሁ እንጂ አፈር አልገደልሁም።»

ወይዘሮ አስካለ፣ ድግምት ቢኖርበትስ ብለው ከእጇ የረገፈውን በመጥረጊያ አስወጡት። ሀገረ ማርያም በሚሄድ የጭነት መኪና ስትሳፈር የሸኛት አንድ የጉጂ ሽማግሌ ብቻ ነበር። «ናጋቲ፣ በሰላም ግቢ እህቴ» አላት።

በዓመቱ ሁዳዴ ዝናቡ ያለ ልክ ዘነበ። ሴቶቹ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ የእሷ ዓይን የለበት ብለው ገቡ። ያን ሁሉ ባሕር ዛፍ አካልለው ባዶ ቅርጫት ይዘው ተመለሱ። እኔ ሞኙ፣ አሁንስ ዛፉን ቀና ብለው ያዩታል ብዬ ጠበቅሁ።

ወይዘሮ አስካለ ቅርጫታቸውን አስቀመጡና፣ «አላልኋችሁም?» አሉ። «ይዛው ሄዳለች።»