የቤቱ አዛዥ

ሶሲዮሎጂ የሚያጠና ተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ፍጥረት ነው፤ የቀበሌ ካድሬ እንኳ እንደ እሱ አይጠይቅም።

የእኛዋ ራቢያ ትባላለች። የሐርቡ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲው ደሴ በተከፈተ ሰሞን መጥታ እኛ ግቢ ክፍል ተከራየች። የመመረቂያ ጽሑፏ በየቤቱ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ የሚመረምር ነው። እኔን ስትጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኛ!» አልኳት። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እንደ እኔው ነፋ። መምህሯ ታዲያ «ይሄ ጥናት ሳይሆን ፉከራ ነው፤ እንደገና ካልሠራሽ አትመረቂም» ብሎ መለሰባት።

እንባዋ ዓይኗ ላይ ተንጠልጥሎ መጣች።

«አባባ ሰይድ፣ እንደገና ልጠይቅዎ። ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ዘይነባ!» ብዬ ወደ ጓዳ ተጣራሁ፤ «ዕድሜዬ ስንት ነው?»

«ሰባ ሁለት!» አለች ሚስቴ።

«ኮምቦልቻ ያለውን ቤት ልሸጥ ነው ብለውኝ ነበር። ሸጡት?»

«ዘይነባ! የኮምቦልቻውን ቤት ሸጥነው እንዴ?»

«አትሸጥም አላልኩህም፣ አንተ ሰውዬ?»

ራቢያ ፈገግ አለች። «እሺ፣ በዚህ ቤት የሚወስነው ማን ነው?»

«ዘይነባ! በዚህ ቤት የሚወስነው ማን ነው?»

«እሱ ነው ብለሽ ጻፊለት ልጄ፣ ደስ ይበለው!»

ራቢያ የጻፈችው ግን «ዘይነባ!» እያልኩ መጣራቴን ነበር። የቀሩትን ባሎችም ሚስቶቻቸው ባሉበት ደግማ ጠየቀቻቸው። ወላሂ፣ መምህሯ ራሱ አጨበጨበላት!

ይኸው ተመረቀች። የጽሑፏ ምስጋና «ለእትዬ ዘይነባና ለባለቤታቸው» ይላል። ቅር አላለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል።

ቆዩማ፣ ዘይነባን ልጠይቃት።