የማማ ካልቱማ ሳር የት ገባ

ዝናብ ሲዘገይ «ማን ይዞት ነው?» የሚል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር፣ በኬንያው ሞያሌ፣ የደረሰችን ክብርት ዋና መርማሪ ማማ ካልቱማ ናት።

ማማ ካልቱማ ነገር ሲጎድል አትወድም። የጣደችው ሻይ ከቀነሰ መጀመሪያ የምታየው አጠገቧ ያለውን ሰው አፍ ነው። አንድ ጆንያ ከሰል አንድዳ አመዱ አንድ ጣሳ ብቻ ቢሆንባት፣ ከሰል ሻጯን ዳዶን አስጠርታ «የቀረውስ የት ገባ?» አለቻት። ይህን የምትለው አንገቷን ሰበር፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነው። እኔ እሷን ሳስመስል ገበያው በሳቅ ይሞታል፤ እሷ ብቅ ስትል ግን እኔም ከሰል የምሸጥ ይመስል እደነግጣለሁ።

ኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ለምታደልባት ፍየል አሥር ኪሎ ሳር አብልታ ብትመዝናት አንድ ኪሎ እንኳ አልጨመረችም። አጥራችን አንድ ነው፤ የእኔ ፍየል ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ወፍራም ናት። «ሳሬን ለፍየልሽ ሰርቀሻል» ብላ ዓርብ ሽማግሌ ፊት ቀርቤ እንድምል አስነገረችብኝ። ሌባ ከተባልኩ ማን ደጁ ላይ ያስቀምጠኛል? ካላስቀመጡኝስ ወሬ ከየት አገኛለሁ?

ሮጬ የሳይንስ አስተማሪውን ሙዋሊሙ ሀላኬን ይዤላት መጣሁ። እሱም አስረዳት፦ ሳሩ ጉልበቱን ከፀሐይ ያገኛል፣ ፍየሏ ከሳሩ። ግን የበላችው አብዛኛው በመራመድ፣ በመጮህ፣ በበጠጥ፣ በሙቀት ይወጣል፤ ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ከአሥር አንድ ቢሆን ነው።

«ታዲያ ከፀሐይ እስከ አፌ ስንት ኬላ አለ?» አለችው።

«ሁለት፣ ማማ። ሳሩና ፍየሏ።»

«ሁለቱም ይቆርጣሉ?»

«ሁለቱም።»

ሳሩን አየችው፤ ፍየሏን አየቻት፤ ቀና ብላ ፀሐይዋንም ገላመጠቻት። ከዚያ እጇን ፍየሏ ሆድ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።

«እውነትም ትሞቃለች» አለች።

መሐላው ቀረ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልሰማሁም።

በሳምንቱ ሰኞ ወባ ጣለኝ። ብርዱ ጥርሴን ሲያንገጫግጨው በሩ ተከፈተና ማማ ካልቱማ ፍየሏን እየጎተተች ገባች። ከጎኔ አስተኛቻትና ብርድ ልብሱን በሁለታችን ላይ ሳበችው።

«ሳሬ ሙቀት ሆኖ መውጣቱ ካልቀረ ሰው ይሙቀው። ተሸፈኚ አንቺ፣ በጎን እንዳያመልጥ።»

ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሙቀቱን ሊሰርቅ የሚመጣ ካለ ብላ፣ መንገዱን ትጠብቅ ጀመር።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቀኝ። ለእሷ ግን እስከ ሐሙስ አልነገርኳትም።