ለሦስት ኮምፒውተር ሃያ አራት ዲስክ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ካሉት ታላላቅ የቅርስ ማኅበራት አንዱ የእኛ ነው። ታላቅነታችን በሰው ብዛት አይደለም፤ አራት ነን። በንብረትም አይደለም፤ ያለን ሦስት ኮምፒውተር ሲሆን አንዱ በሽተኛ ነው። ታላቅነታችን በስብሰባ ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ስለሆንኩ ምስክርነቴ ከአድልዎ የጸዳ ነው።

በሽተኛው ላፕቶፕ የመዝገብ ሠራተኛችን የዋፊቃ ነው። ዋፊቃ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ነባር ቤቶችን ፎቶ አንስታለች፤ ሽማግሌዎች ከሣጥን የሚያወጡላትን የውርስ ወረቀት ሁሉ ስካን አድርጋለች። አንዳንዱን ወረቀት ምስጥ በልቶት ዛሬ የቀረው የእሷ ፎቶ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ድካም ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

"አው ዐብዱልዋሲዕ፣ ይሄ ዕቃ ሊሞት ነው" አለቻቸው ሊቀመንበራችንን። "ሁላችንም ፋይል የምንከፍትበት ትንሽ ሰርቨር ይገዛልን። ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን ይበቃናል። አንዱ ላይ ያለው ሌላውም ላይ ይኖራል፤ አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ?"

"ልክ ነሽ ልጄ" አሉ አው ዐብዱልዋሲዕ። "ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኮሚቴ ይቋቋም።"

ተቋቋመ። ሰብሳቢ አው ዐብዱልዋሲዕ፤ የቴክኒክ አማካሪ አቶ እንደሻው፣ በአንድ ወቅት ሬዲዮ ፈተው ግማሹን መልሰው የገጠሙ ሰው ናቸው፤ ጸሐፊ እኔ። ዋፊቃ ግን ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከታት ከኮሚቴው ውጭ ሆነች። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

አሠራራችን የሚያስቀና ነበር። ጠዋት ቢሮ እንወስናለን፤ ከዙህር ሶላት በኋላ በአው ዐብዱልዋሲዕ ቤት በርጫ ላይ ተቀምጠን፣ ጫታችንን እየቃምን ውሳኔውን እናዳብራለን። ጠዋት "ባለ ሁለት ዲስክ ይገዛ" ብለን በሙሉ ድምፅ አጸደቅን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው መጣ።

"ሁለት ዲስክ?" አሉ አቶ እንደሻው ትራሳቸውን እያስተካከሉ። "የአሚሮች ከተማ፣ በሁለት ዲስክ?"

"ስምንት ይሁን" አሉ አው ዐብዱልዋሲዕ።

"ልጆቻችንስ? የልጅ ልጆቻችንስ?"

"ሃያ አራት!" ብዬ ጮህኩ እኔ፤ ጸሐፊ ድምፅ እንደሌለው ረስቼ። ተጨበጨበልኝ።

"ሁለት ፕሮሰሰር ይግባበት። ሐረርን በሙሉ እናገናኛለን!"

"ድሬዳዋንስ?"

"ድሬዳዋማ ትለምነን!"

በማግስቱ ጠዋት የጫቱ ዱካክ ተጫጭኖን፣ ፊታችን እንደ ከሰል ጠቁሮ ተገናኘን። "ሃያ አራት ዲስክ ያለው ማነው?" ብለው ጠየቁ አው ዐብዱልዋሲዕ። ማናችንም አላስታወስንም። ወደ ሁለት ዝቅ አደረግነው። ከሰዓት እንደገና ሃያ አራት ደረሰ። ሰባት ወር እንዲህ በትጋት ሠራን።

ዋፊቃ በየሳምንቱ ትመጣለች። "ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ነው የተነሣው። ኧረ በአላህ!"

"ሰብር አድርጊ ልጄ። የሰርቨሩ ማቀዝቀዣ ላይ ደርሰናል።"

አንድ ቀን ግን የማኅበሩ ማኅተም በስህተት በአው ዐብዱልዋሲዕ ኪስ ገብቶ በርጫ መጣ። ጠዋት ጠዋት ያስተካክለን የነበረው ቢሮ የሚያድረው ማኅተም ነበር ለካ! አሥር ሰዓት ላይ የሃያ አራቱን ዲስክ ግዢ ተፈራርመን አተምን። በወሩ ሰርቨሩ ከሰው ቁመት በሚበልጥ የብረት ቁም ሣጥን ተገጥሞ፣ በጭነት መኪና ከጀጎል በር ደረሰ።

ኮሚቴው ሁሉን ለክቷል። ያልለካው ወደ ቢሯችን የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍበት አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። አሥር ሰው የተሸከመው ሰርቨር መሐል መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ውልፍት አልል ብሎ ቀረ።

"ግንቡን ገፋ ብናደርገው?"

"ቅርስ ነው እኮ አቶ እንደሻው!"

"ብናጋድመውስ?"

"ሰርቨር አይጋደምም፤ ክብር አለው" አሉ አው ዐብዱልዋሲዕ።

"እናንተ ሰዎች፣ ገበያ በየት በኩል ልሂድ?" ብላ ጮኸች ከወዲያ በኩል አንዲት ሴትዮ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሕዝቡ ለሰርቨሩ ከፍተኛ ትኩረት ሰጥቷል" ብዬ አሰፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኋላ ተጎትቶ ወጣ። ጀጎል በር አጠገብ ያለች ጫት ነጋዴ አዝናልን ሱቋ ውስጥ አስጠጋችልን። የቁም ሣጥኑ የብረት በር እንደ ወንፊት ስለሆነ ነፋስ ያስገባል፤ ጫቷን ብትደረድርበት አይጠወልግም። እነሆ፣ ሥራ ጀመረ።

በዚያው ሳምንት ላፕቶፑ ሞተ።

"ኢንና ሊላሂ!" አሉ አው ዐብዱልዋሲዕ፤ እንባቸው መጣ። "የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት! የሰው ሁሉ ወረቀት!"

"አልጠፋም" አለች ዋፊቃ። "ኮሚቴው በተቋቋመ ሳምንት ከደመወዜ ሁለት ዲስክ ገዝቼ ገልብጬዋለሁ። አንዱ እዚህ ቢሮ ባለ ቁልፍ ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ አንዱ ከግንቡ ውጭ፣ ሐኪም ጋራ ላይ፣ እህቴ አፍራ ቤት።"

"ማሻአላህ!" ተባለ። እኔም ሳልፈልግ አለቀስኩ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ከልባችን ደስ አለን።

ቀጥሎ አቶ እንደሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግን… በማን ፈቃድ?"

እውነትም በማን ፈቃድ? "ኮሚቴው ጉዳዩን አጥንቶ ሳይጨርስ መረጃ በማትረፍ" ጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ደብዳቤውን አነበበች፣ ፈረመች፣ ቅጂዋን ይዛ ወጣች።

ከወር በኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ይህች ሠራተኛ ለምን ተቀጣች፣ ማስረጃ አምጡ አለን። የእኔ ጤነኛው ኮምፒውተር ግን በዋዜማው ሞቶ ነበር፤ የሰባት ወር ቃለ ጉባኤና ደብዳቤውን ይዞ። አው ዐብዱልዋሲዕ አቀርቅረው ወደ ዋፊቃ ጠረጴዛ ሄዱ።

"ዋፊቃ ልጄ… ያ ማስጠንቀቂያ… ቅጂው አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?"

"አለ እንጂ" አለች ቀና ሳትል። "የቱን ልስጥዎት? የቢሮውን ነው የሐኪም ጋራውን?"